አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ የተቃኘው ኦርኬስትራ

መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «የት ነው የተማርሽው?» የሚል ነበር። ሰላምታ አላስቀደመም። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ፤ በኳየራችን ውስጥ የልጆች እናት የሆኑ ሴቶች ሳይቀሩ «እትዬ» ነው የሚሉኝ። እሱ ግን ከበሩ ገብቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «አንቺ» ብሎ ጀመረ።

«እዚሁ ነው የተማርኩት» አልኩት።

«እዚሁ የት?»

«እዚህች አግዳሚ ላይ» ብዬ ኪቦርዱ ፊት ያለችውን፣ አንድ እግሯ በጡብ የተደገፈውን አግዳሚ አሳየሁት።

ቫዮሊኖቹ ሳቁ። ቼሎዎቹም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለማሳቅ ብዬ ነው እንደዚያ የመለስኩት። ሥራ በጀመረበት ቀን ሰው ፊት አሳቅኩበት። ከዚያ በኋላ ያደረገኝን ሁሉ ስትሰሙ ይቺን አትርሱብኝ። የለም፣ የጀመረውስ እሱ ነው ካላችሁኝም አልከራከርም።

ሰውየው ውጭ አገር ኦርኬስትራ መምራት ተምሮ፣ ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «የሙዚቃ አገልግሎቱን ደረጃ ከፍ እንዲያደርግ» ብለው የበላይ አድርገው ሾሙት። ኳየሩን ሃያ ዓመት፣ ኦርኬስትራውንም ከተቋቋመ ጀምሮ ስመራ ስለ ደረጃ ያነሳብኝ ሰው አልነበረም። መሾሙን እንኳን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ምዕመን እሑድ ከመድረክ ነው፤ ጃንጥላ የጠፋበት ሰው መጥቶ ይውሰድ ከሚለው ማስታወቂያ ቀጥሎ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንጸልይበታለን እህቴ» አሉኝ። በእኛ ቤት ሰው አይሰዳደብም። ወንጌላውያን ነን፤ ክፉ ቃል ከአፋችን አይወጣም። ስለዚህ አይሆንም ለማለት «እንጸልይበት» እንላለን። ዞር በልልኝ ለማለት ደግሞ «ተባረክ» እንላለን፤ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ከንፈር ሳይላቀቅ። ያ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጥፊ ይብሳል።

እንግዲህ እንዴት እንደተማርኩ ልንገራችሁ፤ የጸቡ ሁሉ ሥር እሱ ነውና።

ቤተ ክርስቲያናችን ከዊንጌት ሽቅብ፣ ታክሲ ከሚያራግፍበት ተነስቶ ዳገቱን ለወጣ ሰው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እኔ ደግሞ ቀን ቀን እዚያው ዊንጌት በአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከሙዚቃ ኖታ ሀሁ የሚጀምር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጣና ሙሉውን ኮፒ አድርጊልኝ አለኝ። እኔም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ለራሴ ደርቤ አወጣሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ በቀን ግማሽ ገጽ እገፋ ነበር። ማለዳ ከሥራ በፊት የአዳራሹን ቁልፍ ከጥበቃው እቀበልና መጽሐፉን ኪቦርዱ ላይ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። መጽሐፉ ይሄ ነጥብ «ዶ» ነው ይላል፤ ቁልፉን እጫናለሁ፤ የሰማሁትን ድምፅ «ዶ» ብዬ እይዛለሁ። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት።

ያ ኪቦርድ አንድ ነገር ነበረበት። በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ኪቦርድ ተጫዋቾቻችን የሚያውቋት ዘዴ አለች። ዘማሪው ድምፁ ሲከብደው ጣታቸውን አይቀይሩም፤ ትራንስፖዝ የምትባለውን ቁልፍ ይጫኑና መሣሪያው ራሱ ድምፁን ዝቅ ወይም ከፍ ያደርግላቸዋል። ጣት እዚያው፣ ድምፅ ሌላ። ከእኔ በፊት የነበረው ተጫዋች ለኳየራችን እንዲመች ብሎ ኪቦርዱን አንድ ድምፅ ዝቅ አደረገው። መሣሪያው ቢጠፋም ያንኑ ይይዛል፤ ቁልፏ ግን የተበላሸች ስለነበረች፣ ሰው በነካት ቁጥር የእሑዱ ዝማሬ እንዳይረበሽ የቁስል ፕላስተር ለጠፈባትና «አይነካም» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ አገባና ወደ ሐዋሳ ሄደ። ፕላስተሩ እዚያው ቀረ። እኔም አልነካሁትም። እናም መጽሐፉ «ዶ» የሚለውንና የእኔ ጆሮ «ዶ» የሚለውን የሚለያያቸው አንድ ሙሉ ድምፅ እንዳለ ሳላውቅ ጻፍኩ፤ መራሁ፤ አስተማርኩ፤ አረጀሁ።

ሌላ መሣሪያ ሲመጣ ስህተቱን አያሳብቅም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሊያሳብቅ ነበር። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ መጀመሪያ ቫዮሊን ይዘው የመጡልኝ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ በስልክ ቪዲዮ እያዩ የተማሩ። ስልካቸው ላይ መቃኛ አለ። ታላቂቱ «እትዬ፣ ስልኩ እኮ ሌላ ነው የሚለው» አለችኝ። እኔም የምናውቀውን ነገርኳት። ክራር የሚቃኘው በድምፃዊው ነው እንጂ ድምፃዊው በክራር አይቃኝም፤ ቫዮሊንም ያው ክር ነው፤ ስልኩን ተዪውና ኪቦርዱን ስሚ አልኳት። ሰማችኝ። ክሩን አላላችው፤ ታናሿም አላላች። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በእነሱ ተቃኘ። እስከ ሰባት ቫዮሊን፣ የቫዮሊን ታላቅ የሆነው ቼሎ ሁለት፣ አንድ ክራርና ከበሮ ደረስን፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ።

የላላ ክር ደግሞ ድምፁ ይወፍራል። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ቫዮሊኖቻችሁ ጉንፋን የያዘው ማሲንቆ ይመስላሉ እያሉ ቀልደውብናል። እኔ ግን ወደድኩት። የጻፍኩት ሁሉ በዚያ ድምፅ ውስጥ ሆኜ ነው።

ዜማ ከሚጫወቱት የሚላላ ክር የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቫዮሊኖቹም በፊት ጀምሮ ትራምፔት የሚነፉልን ጋሼ ነበሩ፤ ከጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው በታች ሹራብ የማይለያቸው። መጀመሪያ የመጡ ቀን በእጄ የጻፍኩትን ኖታ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ብዙ አዩት። ኪቦርዱን አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ «እንሞክረው» አሉና ነፉ፤ አንድም ሳይሳሳቱ ከሁላችንም ጋር ገጠሙ። ያን ቀን በደስታ ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የወረድኩት።

ወደ ጸቡ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል እየደረሰ ነበር፤ እኔም ለዚያ ብዬ አራት ዓመት የደከምኩበት ሥራ ነበረኝ። ለኳየርና ለኦርኬስትራ፣ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው። የጻፍኩት መሥራቾቻችን ስለኖሩበት ዘመን ነው። ያኔ አዳራሽ የለም፤ የሚሰበሰቡት በየሰው ጓዳ ነው፤ ከተያዙ ደግሞ እስር አለ። እናቴና አባቴ ከእነሱ ውስጥ ነበሩ። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚዘምሩት ከጉሮሮ በታች ነው። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው ቃሉን አይደለም፤ አባቴ ደረት ላይ ተኝቼ ጆሮዬ ስር የሚነዝረውን ያን ወፍራም ድምፅ ነው። ሥራዬ የሚጀምረው በዚያ ነው፤ ሰባቱም ቫዮሊን በወፍራሙ ክራቸው ላይ፣ ክሩን በጣት ሳይነኩ፣ የሚችሉትን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ኳየሩም ሹክ እያለ ይገባል። ሃያ ደቂቃ ከዚያ ሹክሹክታ አይወጣም። መጨረሻው አካባቢ በሩ የተከፈተ ጊዜ፣ ማለትም በግልጽ ማምለክ የተፈቀደበት ቦታ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና ትራምፔት ብቻውን ይዘምራል። እያንዳንዱ አራት ምት የሆነ ስምንት ሜዠር፣ ወደ ግማሽ ደቂቃ የሚጠጋ። በቃ፣ በሥራው ውስጥ ትራምፔት የሚሰማው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ይሄን ሥራ እዚያ ቀን ራሴ ፊቱ ቆሜ መምራት ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ስሜ ወረቀት ላይ ባይጻፍ፣ አበባ ባይሰጠኝ ግድ የለኝም።

ባለዲግሪው ሰው በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ለበዓሉ እንግዶች ስለሚመጡ እሱ እንደሚመራው፣ እኔ ወፍራሙን የሴት ድምፅ ከሚዘምሩት ከአልቶዎቹ ጋር ቆሜ ብዘምር እንደሚሻል ነገረኝ። ያነጋገረኝ ልጆቹ ሁሉ ፊት ነው። «ሥራው ያንቺ መሆኑ ይነገራል» አለ። እኔም «እርስዎ እንዳሉ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ነው የምለው፤ ለአክብሮት ብዬ እንዳልሆነ ገብቶታል።

በዚያው ሰሞን አዲስ ኪቦርድ ተገዝቶ መጣ። ባለዲግሪው የሥራዬን የመጀመሪያ ልምምድ ሊመራ ቆመና ከአዲሱ ኪቦርድ መቃኛ ድምፅ ሰጠ። ቫዮሊኖቹ የለመዱትን መለሱለት። ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ ሰጠ። ደግመው የለመዱትን መለሱለት። «ጆሮ የላችሁም እንዴ?» አለ። ታላቂቱ እህት እንዲህ ነው የምንቃኘው ጋሽዬ አለችው። አጥብቁ አላቸው፤ አጠበቁ። ለዓመታት ላልቶ የኖረ ክር በአንድ ጊዜ ሲወጠር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የታናሺቱ ቫዮሊን ክር ተበጥሶ ጉንጯን መታት። ልጅቷ አለቀሰች። እሱም «ይቅርታ» አላለም።

በአዲሱ ቅኝት ሥራዬን ሲጀምሩት አላወቅኩትም። ያ ከደረት ስር የሚወጣው ድምፅ ጠፍቷል፤ በደማቅ ቀለም የተቀባ ቤት መሰለኝ። ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎች ላይኛው ላይ ሲደርሱ አንዷን ሳል ያዛት፤ ሁለቱ አፋቸውን ብቻ ከፈቱ። እሱ አቆማቸውና ኖታዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ማየት ጀመረ። የትራምፔቱን ወረቀት ከቫዮሊኑ ወረቀት ጎን አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተገፋው ወደ አሮጌው ኪቦርድ ሄደ፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው፣ ቁልፏን ጫን ጫን አደረጋት። መስኮቷ ላይ የመጣውን ቁጥር አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሃያ ዓመት» አለኝ። ኪቦርዱን አጥፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ጠራኝ። ጋሼንም አስጠርቷቸዋል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሰብሳቢው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ባለዲግሪው ለሽማግሌዎቹ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። መጥፎ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሲያስረዳ ግልጽ ነው። እንዲህ አላቸው። ትራምፔት በተፈጥሮው ከተጻፈለት አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ የተማረ ሰው ለትራምፔት ሲጽፍ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይጽፍለታል። እዚህ ግን ከቫዮሊኑ ጋር አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ገጥሟል። ሊገጥም የሚችለው ሌላው ሁሉ አንድ ድምፅ ዝቅ ካለ ብቻ ነው። «ባጭሩ» አለ፣ «እህታችን ዶ የት እንዳለች አታውቅም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሊስቁ ብለው በሳል ሸፈኑት።

ባለዲግሪው ወደ ጋሼ ዞረና ያውቁ እንደነበር ጠየቃቸው። እኔም ዞርኩ። አላውቅም እንዲሉልኝ በልቤ እየለመንኳቸው ነበር።

«ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «ወረቀቱ ልክ አልነበረም። የምሰማው ግን ልክ ነበር። እኔ የምነፋው ለሚሰማው ነው።»

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ቃል ስለ ሥራዬ የተናገረ ሰው የለም። ያን ሰዓት ግን አልሰማሁትም። የሰማሁት ሃያ ዓመት የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ እንደነበረ ብቻ ነው። ባለዲግሪውን ልመልስለት አልችልም፤ ልክ ነው። ሽማግሌዎቹን አልችልም፤ ሽማግሌዎች ናቸው። ያለኝን ሁሉ እሳቸው ላይ ደፋሁት።

«አክብረውኝ መሰልዎት ዝም ያሉት?» አልኳቸው። «ሰንፈው ነው። እኔ ስሳሳት እርስዎ ኖታውን ሁሉ አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ከመገልበጥ ዳኑ። ሌላው ሁሉ ክሩን ሲያላላ እርስዎ እቤትዎ እንዳሉ ተመቻችተው ተቀመጡ። እየሳቁብኝም ይሆናል።»

ሰብሳቢው «እህቴ…» ብለው ጀምረው ተዉት። ጋሼ የሚነፉበትን የትራምፔታቸውን አፍ ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፤ ሁልጊዜ ይዘውት ነው የሚዞሩት፤ ሸማኔ ክር እንደሚያይ እያገላበጡ አዩትና መልሰው ከተቱት። ተነሡ።

«ተባረኪ» አሉኝ።

ያ ድምፅ ነበር። ሃያ ዓመት አብረን ስናገለግል ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ አጭር ነው። ባለዲግሪው ሥራውን በኮምፒውተር ጽፎ፣ በትክክለኛው ቦታው አድርጎ፣ ቫዮሊኖቹ እንደ ሰው ተቃኝተው እንደሚጫወቱት፣ ኳየሩም እንደማይጨነቅ ነገራቸው። ማለትም ድምፁ ያው የድሮው ሆኖ ወረቀቱ ብቻ ይስተካከላል። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። እኔ ደህና ዋሉ ብዬ ተነሳሁ። የወጣሁት በጓሮ በር ነው።

ሳምንት አልሞላም፤ ኖታዎቹ ታትመው መጡ። እንደ ጋዜጣ የጸዱ። ልምምዱን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ፤ ከአልቶዎቹ ጋር መቆሙን እምቢ ብዬ። በትሩን አነሳ። ቫዮሊኖቹ ቀስቶቻቸውን አነሱ። ከዚያ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

«ጋሽዬ» አለችው ታላቂቱ ባለዲግሪውን፣ «የመጀመሪያዋ የለችም።»

«ምኗ?»

«ይቺ የተጻፈችው ድምፅ። ቫዮሊን ላይ የለችም።»

አልዋሸችም። በትክክል የተቃኘ ቫዮሊን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፁ የወፍራሙ ክር ድምፅ ነው፤ ከዚያ በታች ወለል ነው። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ክሩ አንድ ድምፅ ሲላላ በሚገኘው ነው፤ ከወለሉ በታች። ኮምፒውተሩ ወረቀቱን አስተካክሎ ድምፁን መሣሪያው የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው። ባለዲግሪው ወረቀቱን አየ፤ እርሳስ አወጣ፤ ድምፁን ወደ ላይ አውጥቶ ጻፈና ተጫወቱ አላቸው። ተጫወቱ። ቀጭን ሆነ። የሰው ደረት መሆኑ ቀርቶ የወፍ መሰለ። አስቆማቸው። ለቼሎዎቹ ሰጠው፤ ሁለት ቼሎ የሰባት ቫዮሊንን ሹክሹክታ አይሆንም። እንደገና አስቆማቸው። ግማሽ ሰዓት ታገለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ላቡን አያለሁ፤ ደስ እያለኝ ነው የማየው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በመጨረሻ በትሩን ኖታው ላይ አስቀመጠና እዚያው ሆኖ ጠራኝ።

«ነይ ያንቺን ስህተት ራስሽ ምሪው» አለኝ። «እኔ ባልተቃኘ ቫዮሊን ፊት ቆሜ ስሜን አላጠፋም።»

«ይባረኩ» አልኩት። ቫዮሊኖቹን ክራችሁን አላሉ አልኳቸው።

እንደዚህ ነው የፈለግሁትን ያገኘሁት። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ይሁን አሉ፤ በዓሉ አሥር ቀን ብቻ ቀርቶታል።

የቀረኝ ጋሼ ናቸው። ያለ እሳቸው ያቺ ስምንት ሜዠር የለችም። ቤታቸው ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለመንገድ ማስፋፊያ ግማሹ አጥር በፈረሰበት ሰፈር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ትራምፔት ይሰማል፤ ያቺኑ የእኔን ስምንት ሜዠር ነው የሚነፉት፤ ቀስ ብለው፣ እየደጋገሙ። ደግሜ ሳንኳኳ ቆመ። ልጃቸው በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«አባዬ የሉም» አለችኝ።

ከጀርባዋ ኮሪደሩ ላይ የኮታቸው እጅ ይታየኛል። እሷም እንዳየሁ አይታለች። መምጣቴን ንገሪልኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኳት። እነግራቸዋለሁ አለችና ዘጋች። ማክሰኞ ደግሜ ሄድኩ፤ ተኝተዋል ተባልኩ። ሐሙስ ስልክ ደወልኩ፤ ተነሳ፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ «ጋሼ፣ ያልኩት ነገር ውሸት ነው፤ ሳላምንበት ነው ያልኩት» አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ። ሳላምንበት መሆኑን ያውቃሉ። ያስቀየማቸውም እሱ ይመስለኛል።

በሌላ ተጫዋች ተኪያቸው ያሉኝ ነበሩ። ትራምፔት የሚነፋ ወጣት ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ነበር። ኖታውን አይቶ «ይሄ በየትኛው ቅኝት ነው የተጻፈው?» አለኝ። አመሰገንኩና ሸኘሁት። ለቼሎ ልስጠው ብዬ ሞከርኩ፤ እጄ አልጻፈልኝም። የበዓሉ ቀን ጠዋት ድረስ ወንበራቸውን አላነሳሁም። ይመጣሉ ብዬ ነው። ሰው እንዲህ ሞኝ ይሆናል።

አዳራሹ ሞልቶ፣ ውጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የቀሩት ጥቂት መሥራቾች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው የማይሰማም አለበት። እጄን አነሳሁ። ቫዮሊኖቹ ያን ድምፅ ያዙ። አንዲት አሮጊት ገና ኳየሩ ሳይገባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ድሮ ጓዳ ውስጥ ሲዘምሩ እንደዚያ በነጠላ ነበር ድምፃቸውን የሚያፍኑት። ሃያውን ደቂቃ እንዴት እንደመራሁት አላስታውስም። የማስታውሰው ሁሉም ዝም ሲል ነው።

ጋሼ የሚገቡበት ቦታ ደረሰ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ማቆም እችል ነበር፤ ወደ ቀጣዩ ዝለሉ ብዬ ምልክት መስጠትም እችል ነበር፤ ተነጋግረንበትም ነበር። እጄ ግን መምታቱን አላቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ለባዶ ወንበር መራሁ። ልጆቹ ቀስታቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። ከድንኳኑ የአንድ ሕፃን ሳል ተሰማ። ስምንቱንም ሜዠር ቆጠርኩት። በሩ የተከፈተበት፣ ጮክ ተብሎ የሚዘመርበት ቦታ ላይ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ኳየሩን አስገባሁና ጨረስን።

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ሽማግሌ መድረክ ላይ አቅፈውኝ ያቺ የጽሞና ጊዜ መንፈስ ያለባት ናት አሉኝ። ጽሞና። አንዳንዱ ያን ሰዓት እያለቀሰ እንደጸለየ በኋላ ነግሮኛል። አንድም ሰው የጎደለ ነገር አለ ብሎ አልጠየቀኝም። ጋሼን ከሰዎቹ መሃል ፈለግኳቸው። አልመጡም። እስከ ዛሬም ኳየሩ በር አልደረሱም፤ እሑድ የሚያመልኩት ከእኛ ታች ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው አሉ፤ እዚያም እንደማይነፉ ሰምቻለሁ።

ባለዲግሪው ሰው አዳራሹ ሲራገፍ፣ የኖታ ማስቀመጫዎቹን ሳጣጥፍ መጣ። እጁን ኪሱ ከቷል። እንኳን ደስ ያለሽ አላለኝም።

«ያቺ ዝምታ» አለኝ። «ከሥራው ሁሉ እሷን ነው የወደድኳት። ከየት አመጣሻት?»

ከሱ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምስጋና ነው። ላለመመለስ ፈልጌ ነበር። አንዱን ማስቀመጫ አጥፌ ሌላውን አነሳሁ።

«ስህተት ናት» አልኩት።

«ከስህተቶችሽ የትኛው?» አለኝ።